«በጥሩ ጊዜ» ወይስ በጊዜ? ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድ ትምህርት የቀረበ ሒስ

የእንግሊዝኛ መምህራን ስለ መስተዋድድ ስናስተምር ከምናዘወትራቸው ልማዶች ዋነኛው ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ጥቁር ሰሌዳው በሦስት ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ዓምድ «አት» ተጽፎ ከሥሩ የሰዓት ቍጥር፣ በሁለተኛው «ኦን» ተጽፎ ከሥሩ የሳምንቱ ቀናት፣ በሦስተኛው «ኢን» ተጽፎ ከሥሩ ወራትና ዓመታት ይደረደራሉ። ተማሪው ይገለብጣል፤ በማግስቱ ይጠየቃል፤ በትክክል ይመልሳል። መምህሩም ትምህርቱ የገባ መስሎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

ሠንጠረዡ ውሸት የለበትም። ሰዓት «አት» ይወስዳል፤ ሰኞ «ኦን» ይወስዳል፤ ሰኔ «ኢን» ይወስዳል። ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ ሠንጠረዡ ሳይናገር የሚያስተምረው ሌላ ነገር መኖሩ ነው። ይኸውም መስተዋድድን የሚመርጠው ስሙ ነው የሚል እምነት ነው። ተማሪው ስሙን አይቶ መስተዋድዱን መሳብ ይለምዳል። «ታይም» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ይህ ልማድ ይከዳዋል። ስሙ ያው አንዱ ሆኖ ሳለ መስተዋድዱ አራትና አምስት ይሆንበታል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። «ታይም» ያለበትን መስተዋድዳዊ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው ስሙ ሳይሆን ከስሙ ፊት የቆመው ቅጽል ነው እንላለን። ቅጽሉ የርዝመት ከሆነ አንድ መስተዋድድ ይጠራል፤ የተራ ከሆነ ሌላ ይጠራል፤ የዘመን ከሆነ ደግሞ ሌላ። ይህ በመማሪያ ክፍላችን ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንድንመረምረው ያደረጉን በጁባ ከተማ በሙኑኪ የሚኖሩ ወገኖቻችንና ልጆቻቸው የጻፏቸው የልምምድ ወረቀቶች ናቸው። ሙኑኪ የጁባ ከተማ ከተዋቀረችባቸው ሦስት አስተዳደሮች፣ በነሱ አጠራር «ፓያም» ከሚባሉት፣ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ጁባና ካቶር ናቸው። በጁባ ያገራችን ሰዎች በሱቅ፣ በምግብ ቤት፣ በሆቴልና በጭነት ማመላለስ ሥራ ተሠማርተው ይገኛሉ። በመንገዱና በገበያው የሚነገረው የጁባ ዐረብኛ ስለሆነ ለመግዛትና ለመሸጥ እሱ ይበቃቸዋል። ወረቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት ዕለት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተፈረመው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። የንግድ ፈቃዱ፣ የኪራይ ውሉ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ነው።

ባገራችን በክፍል ውስጥ መስተዋድድ የሳተ ተማሪ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይረሳል። በሙኑኪ ግን ስሕተቱ ከደብተር ወጥቶ ወደ ኑሮ ይገባል።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የገለበጠውን የፈተና ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ተፈታኞች «ኢን ጉድ ታይም» እንዲደርሱ ያዝዛል።

«ጋሼ፣ ፈተናው ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥሩ ጊዜ የሚሉት የትኛውን ነው?» ሲል ጠየቀን።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። «ኢን» ማለት በ፣ «ጉድ» ማለት ጥሩ፣ «ታይም» ማለት ጊዜ መሆኑን አንዱንም ሳይስት ያውቃል። ሦስቱን ሲደምር ነው ትርጉሙ የጠፋበት። «በጊዜ ኑ ማለታቸው ነው» ስንለው ሳቀ። «ታዲያ እንዲህ ብለው አይጽፉትም?» አለ። የጻፉትማ እንዲያ ብለው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። «በሰዓቱ» እና «በጊዜ» በአማርኛ የተለያዩ ናቸው። በሰዓቱ የደረሰ ሰው ፈተናው ሊጀመር ሲል ልክ በደቂቃው ከተፍ ያለ ነው። በጊዜ የደረሰ ግን ቦታውን ይዞ፣ ላቡን ጠርጎ፣ እርሳሱን ቀርጾ የሚጠብቅ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ኦን ታይም» ይባላል፤ ሁለተኛው «ኢን ጉድ ታይም»። ያ ተማሪ ልዩነቱን በእናቱ ቋንቋ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እናቱ «በጊዜ ግባ» ስትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። ከእንግሊዝኛው ጋር ያገናኘለት መምህር ብቻ ነው የጎደለው።

አሁን «ጉድ» የሚለውን ቅጽል ሳንለውጥ መስተዋድዱን ብቻ እየለዋወጥን እንይ። «ኢን ጉድ ታይም» በጊዜ፣ ቀደም ብሎ ማለት ነው። «አት ኤ ጉድ ታይም» ሲሆን በምቹ ሰዓት ይሆናል፤ ባለጉዳይ ሹሙ ሥራ ባልበዛበት ሰዓት ከገባ «አት ኤ ጉድ ታይም» ደርሷል ይባላል። «ፎር ኤ ጉድ ታይም» ሲሆን ደግሞ ለጨዋታ፣ ለመዝናናት ይሆናል። የኪራይ ውል ለመፈራረም የመጣ ሰው ይህን ሦስተኛውን ቢጽፍ አከራዩ ምን እንደሚያስብ አንባቢ ይገምት። ከነዚህ ሌላ «ኢን ኸር ኦውን ጉድ ታይም» የሚባል አለ፤ ሲመቻት፣ ሳትቸኩል ማለት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የተናጋሪው ምሬት አለበት።

አንድ አርቲክል መግባቱና መውጣቱም ከመስተዋድዱ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። «ኢን ጉድ ታይም» ውስጥ «ኤ» የለም፤ ጊዜው እንደ ውኃ የማይቈጠር ነው። «አት ኤ ጉድ ታይም» ውስጥ «ኤ» አለ፤ ጊዜው ተለይቶ የሚታይ አንድ ሰዓት ነው። መስተዋድዱንና አርቲክሉን ለየብቻ በተለያየ ወር የምናስተምር መምህራን ይህን ማሳየት አንችልም።

«ኦን ታይም» ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ቅጽል አያስጠጋም። «ኦን ጉድ ታይም»፣ «ኦን ባድ ታይም» እያለ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል፤ እንግሊዝኛው ግን በዚህ ትርጉሙ አይቀበለውም። ማጠናከር ሲፈለግ ቃሉ የሚገባው ከመስተዋድዱ በፊት ነው፤ «ራይት ኦን ታይም» ወይም «ኤግዛክትሊ ኦን ታይም» ይባላል። ይህ የሆነበት ምክንያት ለተማሪ ሊነገር የሚችል ነው። «ኦን ታይም» የሚያመለክተው የተቈረጠ ሰዓትን ነው፤ የተቈረጠ ሰዓት ደግሞ ደጉና ክፉው፣ ረጅሙና አጭሩ የለውም። ወይ ነህ፣ ወይ አይደለህም። «ኢን ታይም» ግን ከተወሰነው ሰዓት በፊት ያለውን ሜዳ ያመለክታል። ሜዳው ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ሲሰፋ «ኢን ጉድ ታይም»፣ ሲጠብ «ጀስት ኢን ታይም» ይሆናል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በሩን ይዞ የተንጠለጠለ ሰው የደረሰው «ጀስት ኢን ታይም» ነው።

እርግጥ ነው፣ «ኦን» ቅጽል ያስጠጋበት ቦታ ፈጽሞ የለም ማለታችን አይደለም። ከከባድ ሕመም ተርፎ በብድር ዕድሜ የሚኖርን ሰው እንግሊዞች «ኦን ቦሮውድ ታይም» ይኖራል ይሉታል። ይህ «ኦን» ግን የሰዓት አክባሪው «ኦን» አይደለም፤ በምን እንደሚኖር የሚናገረው ነው፤ «በዳቦ ይኖራል» እንደምንለው።

ወደ ርዝመት ቅጽሎች እንለፍ፤ የሙኑኪ ወረቀቶች ይበልጥ ያስጨነቁን እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ ለእረፍት ወደ አገሩ ለመሄድ አስቦ ለአከራዩ ሊጽፍ ያሰናዳውን ደብዳቤ እንድናርምለት ሰጠን። ሱቁን «ኢን ኤ ሾርት ታይም» እለቃለሁ ይላል። ሊል የፈለገው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሄዶ ሊመለስ ነው። የጻፈው ግን በቅርብ ጊዜ ውስጥ ሱቁን አስረክባለሁ ነው። ደብዳቤው እንዳለ ቢደርሰው አከራዩ ሌላ ተከራይ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? «ኢን» ወጥቶ «ፎር» ቢገባ ሱቁ የባለሱቁ እንደሆነ ይቀራል። ከእረፍቱ ሲመለስ ሱቁን በሌላ ሰው እጅ ማግኘት ወይም አለማግኘት የሦስት ፊደል ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ደንቡ አስቸጋሪ አይደለም። «ፎር» የቆይታን ርዝመት ይለካል፤ «ኢን» አንድ ነገር ተፈጽሞ የሚያልቅበትን ወይም የሚደረስበትን የጊዜ ክልል ያሳያል። «ለአጭር ጊዜ ቆየ»፣ «በአጭር ጊዜ ውስጥ ጨረሰ» እንላለን፤ የእኛው «ለ» ከ«ፎር»፣ የእኛው «በ ... ውስጥ» ከ«ኢን» ጋር ልክክ ይላል። ባለሱቁ በአማርኛ ቢጽፍ ኖሮ ሁለቱን በፍጹም አያሳክራቸውም ነበር። «ሎንግ» በሚለው ቅጽልም እንደዚሁ ነው፤ «ፎር ኤ ሎንግ ታይም» ለረጅም ጊዜ ይሆናል። አሜሪካኖች በአሉታ ዓረፍተ ነገር «ኢን ኤ ሎንግ ታይም» ማለታቸውን ተማሪው በፊልም ሰምቶ ሊሞግተን ይችላል፤ «ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው» በሚለው ዓይነት አነጋገር እውነቱን ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን አያስኬደውም።

የተራ ቅጽሎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ለመጀመሪያ ጊዜ» «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ነው፤ ቃል በቃል ይገጥማል። «ለመጨረሻ ጊዜ» «ፎር ዘ ላስት ታይም» ነው፤ ይህም ይገጥማል። «ባለፈው ጊዜ» ሲሆን ግን እንግሊዝኛው መስተዋድዱን አውልቆ ይጥላል፤ «ላስት ታይም» ብቻ ይሆናል። ተማሪው «በ» የሚለውን ፊደል ላለማባከን «ኢን ላስት ታይም» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም ጭራሽ «ፎር ዘ ላስት ታይም» ይላል። አማርኛችን ያለፈውንና የመጨረሻውን በሁለት ቃል ይለያል፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ላስት» የምትል አንዲት ቅጽል ይዞ የሚለየው በመስተዋድዱ መኖርና አለመኖር ነው። ለቀድሞ አሠሪው «ባለፈው ጊዜ ስንገናኝ» ሊል ፈልጎ «ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ሥራ መጠየቁ ቀርቶ መሰናበቱ ሆነበት። «ኔክስት ታይም» እና «ዚስ ታይም» የሚሉትም በዚሁ በ«ላስት ታይም» መንገድ ይሄዳሉ።

ነጥብ የሚያመለክቱ ቅጽሎች ማለትም «ሴም»፣ «ራይት»፣ «ሮንግ»፣ «ፕሬዘንት» የመሳሰሉት «አት» ይጠራሉ። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ተማሪዎች ቶሎ ይለምዱታል። «አት ዋን ታይም» ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያሻል። «በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል» ለማለት ተማሪ ይህን ሐረግ ያመጣል፤ እንግሊዛዊው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው «ቀድሞ፣ በአንድ ወቅት» ብሎ ነው። በአንድ ጊዜ ለሚለው «አት ዘ ሴም ታይም» ይሻላል።

የዘመን ቅጽሎች ሲመጡ ስሙ ራሱ መልኩን ይለውጣል። «ኤንሸንት»፣ «ሞደርን»፣ «ሪሰንት»፣ «ሃርድ» የሚሉት «ኢን» ይጠሩና ስሙን ያበዙታል፤ «ኢን ኤንሸንት ታይምስ» ይባላል። ተማሪዎቻችን በታሪክ መልመጃ ላይ «ኢን ኤንሸንት ታይም» እያሉ ነጠላ አድርገው ይጽፋሉ፤ አማርኛው «በጥንት ዘመን» በነጠላ ስለሚሄድ ነው። በጁባ ዐረብኛም «ዘማን» የሚባል ቃል አለ፤ ድሮን ያመለክታል፤ ከኛ «ዘመን» ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። የሙኑኪ ልጆች ይህን ዝምድና ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ የእንግሊዝኛውን ብዙ ቍጥር ግን አያስታውሳቸውም።

የፊዚክስ መምህራን ይህ የእንግሊዝኛ መምህራን ጣጣ ብቻ ነው እንዳይሉ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፉ ያሰፈረው የፕላኔቶች ሕግ በእንግሊዝኛ ሲነገር እኩል ስፋቶች «ኢን ኢኳል ታይምስ» ይጠረጋሉ ይላል። እዚህ «ኢን» ባይሆንና «አት» ቢሆን ሕጉ ሕግነቱ ይቀራል፤ ምክንያቱም በአንዲት የሰዓት ነጥብ ላይ የሚጠረግ ስፋት የለም። ባገራችን ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ተማሪው ሕጉን በቃሉ ይዞ ትርጉሙን ያላገኘው ከፊዚክሱ ይሁን ከመስተዋድዱ መለየት አለብን።

እስካሁን አማርኛ የሚረዳበትን ስናመሰግን ቆየን። የሚያሳስትበትም አለ፤ ደብቀን አናልፈውም። ከሁሉ የከፋው «ከጊዜ ወደ ጊዜ» ነው። «የዕቃ ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ሄደ» ስንል ያለማቋረጥ፣ ደረጃ በደረጃ ማለታችን ነው። ቃሉ እንዳለ «ፍሮም ታይም ቱ ታይም» ሲሆን እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ማለት ሆኖ ያርፈዋል። ዋጋው አንዳንድ ቀን የሚጨምር፣ አንዳንድ ቀን ዝም የሚል ይመስላል። ይህን ስሕተት በተማሪ ወረቀት ብቻ ሳይሆን በባለዲግሪዎች ሪፖርት ውስጥም አይተነዋል፤ ማንም አያርመውም፤ ምክንያቱም አራሚውም አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ ያለችግር ይገባዋል። ትርጉሙን የሚያጣው ከውጭ የመጣው አንባቢ ብቻ ነው። በሙኑኪ ግን አንባቢዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ ስሕተቱ እዚያ የሚጋለጠው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው «ከረጅም ጊዜ በፊት» ነው። ተማሪው «ቢፎር ኤ ሎንግ ታይም» ይላል፤ መባል የነበረበት «ኤ ሎንግ ታይም አጎ» ነው፤ መስተዋድድ የለውም፤ «አጎ» ከኋላ ይከተላል። «ከረጅም ጊዜ ጀምሮ» ደግሞ «ሲንስ ኤ ሎንግ ታይም» ወይም «ፍሮም ሎንግ ታይም» ይሆንበታል፤ እንግሊዝኛው ግን ቀደም ብለን ያየነውን «ፎር ኤ ሎንግ ታይም» ነው የሚጠቀመው፤ መጀመሩን የሚነግረው ግሡ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ክልክል ነው የሚሉ ባልደረቦቻችን እነዚህን ስሕተቶች እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። አማርኛው በተማሪው ራስ ውስጥ ተከለከለ አልተከለከለ ሥራውን ይሠራል። ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ከእንግሊዝኛው ጎን ካልቆመ፣ የት እንደሚገጥምና የት እንደሚያፈነግጥ ማንም አያሳየውም።

ስለ መጻሕፍቱም ጥቂት እንበል። ሆርንቢና ባልደረቦቹ በጃፓን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ የታተመውና በኋላ በኦክስፎርድ በኩል ዓለምን የዞረው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት፣ ቃልን ከነሐረጉ የማሳየት ልማድ ያለው ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ እጅግ ይጠቅማል። ተማሪዎቻችን ግን የቃሉን የመጀመሪያ ፍች ይገለብጡና መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ ሐረጎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ላስሎ ሳይሆን ሌስላው ተብሎ የሚነበበው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው፣ እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወደ አማርኛ ይመልሳል። እኛ እንደምናምነው ለዚህ ችግር የተሻለው መንገድ ይህ ነው። የሚያሳዝነው መጽሐፉ ውድና ግዙፍ በመሆኑ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት እንደልብ አለመገኘቱ ነው።

በመምህራን እጅ በብዛት የሚገኘው የሬይመንድ መርፊ የሰዋስው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው፣ «ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም» ለሚሉት ጥንዶች ራሱን የቻለ ትምህርት ሰጥቷል። ምስጋና ይገባዋል፤ ልዩነቱን እንዲህ አጥርቶ ያስቀመጠ ጥቂት ነው። ሆኖም የትምህርቱ ክብደት ያረፈው በጥንዶቹ ላይ ነው። ተማሪው ጥንዶቹን ከለየ በኋላ ቅጽል በመካከል ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያደላድልለት መምህሩ መሆን አለበት። መምህሩ ደግሞ የመጽሐፉን መልመጃ አሠርቶ ይሄዳል።

መልመጃ ካልን አይቀር፣ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚያ ነው። በየፈተናችን የምናየው ባዶ ቦታ ሁልጊዜ የመስተዋድዱ ቦታ ነው። «ታይም» እና ቅጽሉ ተጽፈው መስተዋድዱ ይጎድላል፤ አራት ምርጫ ይሰጣል። ተማሪው ከአራቱ አንዱን ያከብባል፤ አንዳንዴ በዕድል ያገኘዋል። ባዶውን ቦታ ብናዛውርስ? «ኢን» እና «ታይም» ተጽፈው ቅጽሉ ይጉደል፤ «ጉድ»፣ «ሎንግ»፣ «ፈርስት»፣ «ሴም» ተሰጥተው ከነዚህ የትኛው ያለ አርቲክል እዚህ ሊገባ እንደሚችል ይጠየቅ። ተማሪው «ጉድ» ብቻ መሆኑን ሲያገኝ ስለ ቅጽሉም፣ ስለ አርቲክሉም፣ ስለ መስተዋድዱም በአንድ ጥያቄ ተፈትኗል። በማሠልጠኛ ተቋማችን ዕጩ መምህራን ይህን ዓይነት ጥያቄ እንዲያወጡ ስናዛቸው በመጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ማውጣቱ ከመመለሱ ይከብዳልና።

እነዚህ ነገሮች ፈሊጥ ስለሆኑ በቃል ከማጥናት በቀር መላ የላቸውም የሚል መከራከሪያ ይቀርብልናል። በከፊል እንቀበለዋለን። «ኢን ኖ ታይም» በቅጽበት ማለት መሆኑን፣ «ፎር ዘ ታይም ቢይንግ» ለጊዜው ማለት መሆኑን ማንም ሰው በደንብ አስልቶ አይደርስበትም። «ኢን ሪኮርድ ታይም» ለምን «ኤ» እንደማይወስድ ብንጠየቅ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት እንቸገራለን። ግን ፈሊጥ የሆነው ጥቂቱ ነው። ጥቂቱን ምክንያት አድርገን ደንብ ያለውን ብዙውን በቃል አስጠንተን ብናልፍ ለኛ ይቀልል ይሆናል እንጂ ለተማሪው አይቀልለውም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። «ኦን ታይም» የተቈረጠ ሰዓት ነው ብለናል፤ በማን ሰዓት? ይህ ለሙኑኪ ወገኖቻችን ቀልድ አይደለም። የኛ ሰዓት አቈጣጠር ከፈረንጆቹ በስድስት እንደሚለይ ማንም ያውቃል። ደቡብ ሱዳን ደግሞ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ሰዓት ትተዳደር ነበር፤ ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ጁባ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 31 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝና ለእያንዳንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚታሰብ፣ ከሦስት ሰዓት ይልቅ ሁለት ሰዓት ይቀርባታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ካለ ዘመዱ ጋር ለጧቱ 3 ሰዓት የስልክ ቀጠሮ የያዘ የሙኑኪ ነዋሪ ሁለት ስሌት ይጠብቀዋል፤ ስድስቱን ይደምራል፣ አንዱን ይቀንሳል፤ የጁባው ሰዓት 8 ይላል።

ለዚህም መልመጃ ሠርተንለታል፤ ባልደረቦቻችን ቢወዱት በክፍላቸው ይሞክሩት። ሁለት እኅትማማቾች አሉ፤ ታላቂቱ አዲስ አበባ፣ ታናሺቱ ሙኑኪ። ሁለቱም «አት ናይን» ስልክ እንደውል ተባባሉ፤ እያንዳንዳቸውም ባገራቸው ሰዓት ልክ 9 ሲል ደወሉ። ጥያቄው፦ ሁለቱም «ኦን ታይም» ደውለዋልን? የደወሉትስ «አት ዘ ሴም ታይም» ነውን? ታላቂቱ «ኢን ጉድ ታይም» ደውላለች የምትባለው በማን ሰዓት ነው?